ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑ ሲታገድ ሂስታሚን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ቤዛ_ፋርማሲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የአራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ስለ አለርጂ ሳነብ ሁለት ነገር አልገጥም ብሎኝ ነው የመጣሁት። (ለማያውቅ፦ ማስት ሴል ሂስታሚንን በከረጢት ይዞ የሚኖር፣ አለርጂ ሲነሳ የሚለቀው ሕዋስ ነው፤ የሚያሳክከውና የሚያሳብጠው ሂስታሚኑ ነው።)

የተሰጠን ኖት «ማስት ሴል ሂስታሚን የሚለቀው የአዮን ፓምፖች ካልሲየም ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ነው» ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ኡዋባይን የሚባለው መርዝ ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑን ሲያግድ፣ ከአይጥ የተወሰደ ማስት ሴል የሚለቀው ሂስታሚን ጨመረ የሚል አገኘሁ። ፓምፕ ሲሠራ ነው ሂስታሚን የሚወጣው ከተባለ፣ ፓምፕ ሲቆም እንዴት ይጨምራል? ጓደኞቼን ብጠይቅ «ኖቱን ሸምድጂው፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው» አሉኝ። መሸምደዱንማ ማን ያጣዋል።

ናሆም22 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ኖቱን ተይው። ካልሲየም ከውጪ ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ፓምፕ ማስት ሴል ላይ የለም። የሚያስገባው ቻናል ነው፤ ፓምፖቹ ያስወጣሉ።

ቤዛ_ፋርማሲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ሁለቱም አዮን ያሳልፋሉ አይደል? ልዩነቱ ይህን ያህል ነው?

ጋሽ_ላብ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ልጄ ቤዛ፣ ጥያቄሽ ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ናሆም ልክ ብሏል፣ ግን እንደ ልማዱ በሁለት መስመር ጨርሶ ሄደ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ።

ከቁጥሩ እንነሳ። ከሕዋሱ ውጪ ያለው ነጻ ካልሲየም በሊትር 1 ሚሊሞል ትንሽ ያልፋል። ሕዋሱ ባልተነካበት ሰዓት ውስጡ ያለው ግን 100 ናኖሞል አካባቢ ነው። የ10,000 እጥፍ ልዩነት! አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ቤቱ ውሃ የሚያመነጭ ሕንፃ አይተሽ ከሆነ፣ መኪና ማቆሚያው ደረቅ የሚመስለው ፓምፑ ሌት ተቀን ውሃውን ወደ ውጪ ስለሚገፋ ነው። የካልሲየም ፓምፕ ሥራው ይኸው ነው። ቻናል ደግሞ በር ነው፤ ሲከፈት ውሃው በራሱ ግፊት ይገባል፣ ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ነዳጅ አይጠይቅም። ፓምፕ ግን ኤቲፒ ሳያቃጥል አንዲት አዮን አያንቀሳቅስም። ሽፋኑ ላይ ያለው የካልሲየም ፓምፕ በአንድ ኤቲፒ አንድ ካልሲየም ያስወጣል። ሰርካ የሚባለው በአንድ ኤቲፒ ሁለት ካልሲየም ከሳይቶፕላዝም አንስቶ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሕዋሱ የውስጥ መጋዘን ያከማቻል። ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ይህን የመጨረሻውን የዴንማርኩ የንስ ስኩ በ1957 ያገኘው በሸርጣን ነርቭ ላይ ሲሠራ ነው፤ የኖቤል ሽልማቱ የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ በ1997።

አሁን ወደ አለርጂው። አይጂኢ የተባለው አንቲቦዲ ማስት ሴሉ ሽፋን ላይ ተቀባዩን ይዞ ይጠብቃል። የአበባ ብናኝ ወይም የለውዝ ፕሮቲን መጥቶ ሁለት ሦስቱን አይጂኢ ሲያቆራኛቸው፣ ከውስጥ በኩል ፎስፎሊፔዝ ሲ የሚባል ኢንዛይም ይነሳል፣ አይፒ3 የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ይመረታል፣ አይፒ3 ሄዶ ሬቲኩለሙ ያጠራቀመውን ካልሲየም ያስለቅቀዋል። ይህ ገና መጀመሪያው ነው፤ ብቻውን አይበቃም። ሬቲኩለሙ ሲራቆት ስቲም1 የሚባለው ፕሮቲን መጉደሉን ያውቅና ወደ ሽፋኑ ተጠግቶ ኦራይ1 የተባለውን ቻናል ይከፍተዋል። ከውጪ ካልሲየም የሚጎርፈው ያኔ ነው። ሂስታሚን የያዙት ከረጢቶች ከሽፋኑ ጋር ተዋህደው የሚዘረገፉትም በዚሁ ጎርፍ ነው።

እንግዲህ ፓምፑ የት ነው ያለው? ከጎርፉ በፊትና በኋላ። ልዩነቱን ቀድሞ የፈጠረው እሱ ነው፣ በኋላም ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። በሩን የሚከፍተው ግን እሱ አይደለም።

ማስረጃ ከፈለግሽ ታፕሲጋርጂንን ፈልጊ። ሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበቅል ታፕሲያ ጋርጋኒካ የሚባል ተክል አለ፤ ሙጫው ቆዳ ላይ ሲደርስ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1978 ከዚህ ተክል ታፕሲጋርጂንን ለይተው ሲያወጡ የመዘገቡት ሂስታሚን አስለቃቂ ብለው ነው። ሰርካን እንደሚያግድ የታወቀው በኋላ ነው። ሰርካ ሲቆም ሬቲኩለሙ የሚያንጠባጥበውን ካልሲየም መልሶ የሚሞላው የለም፤ ይራቆታል፣ ስቲም1 ይነሳል፣ ኦራይ1 ይከፈታል። አለርጂ የሚያስነሳ ነገር ሳይኖር፣ አይጂኢም ሳይነካ፣ ፓምፕ በመቆሙ ብቻ ማስት ሴሉ ይለቃል። ከኖትሽ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

ቤዛ_ፋርማሲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የታፕሲጋርጂኑ ገብቶኛል። ኡዋባይን ግን ሰርካን አይነካም፤ የሚያግደው ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑን ነው። ሶዲየም ከካልሲየም ጋር ምን አገናኘው?

መረንዝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ኡዋባይን ተጠርቶ እኔ ዝም ልል አልችልም፤ ስሜን እዩት። መረንዝ ማለት ኡዋባይን የሚገኝበት ዛፍ ነው፣ አኮካንቴራ ሺምፔሪ። እዚሁ አገራችን በቆላና ወይና ደጋ ጫካ ውስጥ አለ። ሺምፔሪ የተባለው በጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ስም ሲሆን፣ ሰውየው ትግራይ ገብቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 እዚሁ አገር ነው የሞተው። ቅርፊቱና እንጨቱ ተቀቅሎ በምሥራቅ አፍሪካ የቀስት መርዝ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ ልብን ያቆማል።

የሚገርመው ይህ ነው፦ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ረጅም ፀጉር ያላት ትልቅ የዱር አይጥ አለች። የዚህን ዛፍ ቅርፊት ታኝክና ምራቋን ጎኗ ላይ ያለ ልዩ ፀጉር ላይ ትቀባዋለች። ፀጉሩ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ መርዙን እንደ ፈትል ይስበዋል። የነከሳት ውሻ ይታመማል፣ የሚሞትም አለ። ይህ በ2011 ታትሟል። እሷ ራሷ ግን እያኘከችው ትኖራለች።

(ዛፉን ካወቃችሁት ለመሞከር ብላችሁ እንዳትነኩት። እናውቃለን እንዳትሉ፣ እኔም ሳስተምር በጓንት ነው።)

ጋሽ_ላብ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

መረንዝ፣ ጥሩ አመጣህልን። አይጧን አትርሷት፣ እመለስባታለሁ፤ ናሆም ካልቀደመኝ።

ቤዛ፣ ሶዲየምና ካልሲየምን የሚያገናኛቸው ሽፋኑ ላይ ያለ ሌላ አጓጓዥ ነው። ሦስት ሶዲየም አስገብቶ በምትኩ አንድ ካልሲየም ያስወጣል። ኤቲፒ በቀጥታ አይበላም፤ የሚሠራው ሶዲየም ወደ ውስጥ ለመግባት ባለው ጉጉት ነው። ያንን ጉጉት የፈጠረው ደግሞ ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑ። ኡዋባይን ፓምፑን ሲያግድ ሶዲየም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጉጉቱ ይጠፋል፣ ካልሲየም መውጫው ይጠብበታል፤ አንዳንዴ አጓጓዡ ተገልብጦ ካልሲየም ያስገባል። ውስጡ ካልሲየም ከፍ ብሎ የቆየ ማስት ሴል ደግሞ ሲነካ አብዝቶ ይለቃል። ያነበብሽው ውጤት በአብዛኛው የሚብራራው በዚህ ነው። ዲጎክሲን የልብ ጡንቻን የሚያበረታውም በዚሁ መንገድ ነው።

ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ውጤትም አለ፤ ጥያቄሽ ላይ «ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል» ያልሽው ለዚህ ነው ደስ ያለኝ። በኦራይ1 በኩል ካልሲየም የሚገባው የመጠን ልዩነት ስላለ ብቻ አይደለም፤ የሕዋሱ ውስጥ ከውጪው አንጻር ኔጋቲቭ ስለሆነ አዎንታዊዋን አዮን ይስባታል። ኔጋቲቭነቱ የቆመው በፖታሲየም ክምችት ላይ ነው፤ ፖታሲየሙን ያስገባው ያው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ረጅም ሰዓት ከታገደ ፖታሲየሙ እየሟጠጠ ኔጋቲቭነቱ ይላላል፣ በሩ ተከፍቶ እንኳ የሚገባው ካልሲየም ያንሳል። ይህ እውነት መሆኑን ከሌላ ወገን የሚያሳይ ነገር አለ። ትሪፕኤም4 የሚባል ቻናል ካልሲየም ሲጨምር ተከፍቶ ሶዲየም ያስገባል፣ ኔጋቲቭነቱን ያሟጥጣል። ይህ ቻናል በዘረመል እንዲጠፋባቸው የተደረጉ አይጦች ማስት ሴል ሂስታሚን አብዝቶ ነው የለቀቀው። ማለትም ኔጋቲቭነቱን የሚነካ ነገር መልቀቁንም ይነካል።

ስለዚህ አንዱ መንገድ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው መርዙ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ፈሳሹ ውስጥ ካልሲየም ነበረ ወይ፣ ማስት ሴሉ የማን ነው የሚለው ነው። አንድ መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለት ሙከራ ተጋጨ ይላል።

ናሆም22 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡02

«ማስት ሴሉ የማን ነው» የሚለውን አስምሩበት። የላብራቶሪ አይጥ ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ፣ በተለይ አልፋ1 የሚባለው ዓይነት፣ ኡዋባይንን በተፈጥሮው ይቋቋማል። የሰውን ፓምፕ ለማገድ የሚበቃው መጠን ለአይጡ ምንም አይደለም፤ የሺህ እጥፍ ገደማ ልዩነት ነው። ስለዚህ የአይጥ ማስት ሴል ላይ የሚፈስሰው ኡዋባይን ሚሊሞላር ድረስ ይሄዳል። ያንን ቁጥር ይዞ ወደ ሰው መሻገር አይቻልም። የመረንዝ አይጥም የምትኖረው ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ካልሆነ በመጀመሪያው ጉርሻ ትቀር ነበር።

ክሮሞግላይኬት የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ላይም ይኸው ነው የታየው። የአይጥ ሆድ ውስጥ ያለውን ማስት ሴል ጸጥ ያደርገዋል፤ የሰው ቆዳ ማስት ሴል ግን ከቁብም አይቆጥረው።

የሽሮሜዳ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

እኔ ሳይንሱን ሳይሆን ቆዳዬን ይዤ ነው የመጣሁት። አቧራ ሲነካኝ ያብጠኛል፣ ያሳክከኛል፣ ከበድ ሲልብኝ ሴትሪዚን እውጣለሁ። ካነበብኩት ተነስቼ ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ካልሲየም ነው የሚያስለቅቀው ካላችሁ ወተት ላቁም? ሁለተኛ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ፣ ፓምፕ አጋጅ ነው ብላ ፋርማሲስቷ ነገረችኝ፤ እሱ አለርጂዬን ያባብሰዋል ወይስ ይረዳል? ሦስተኛ፣ ሴትሪዚን የትኛውን ፓምፕ ነው የሚዘጋው?

ሲስተር_ማ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ሦስተኛውን ለእኔ ተዉልኝ። ሴትሪዚን ማንኛውንም ፓምፕ አይዘጋም ወንድሜ። ማስት ሴሉ ሂስታሚኑን ይለቀዋል፣ ሴትሪዚን የሚሠራው ኤች1 ተቀባይ ላይ ቁጭ ብሎ ሂስታሚኑ ሥራ እንዲፈታ በማድረግ ነው። ስለዚህ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ከምትውጠው፣ አቧራ እንደሚያገኝህ ስታውቅ ቀድመህ ብትውጠው ይሻልሃል።

ወተትህን ጠጣ። ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ፓራታይሮይድ ነው ቀጥ አድርጎ የሚይዘው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ማስት ሴልህ ደጃፍ ያለውን ካልሲየም አይለውጠውም። የወተት ፕሮቲን ራሱ አለርጂ ከሆነብህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከካልሲየሙ ጋር አይገናኝም።

ጋሽ_ላብ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሲስተር፣ ተባረኪ። ኦሜፕራዞሉን እኔ ልውሰድ፣ ምክንያቱም ልጁ ሳያውቀው ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ኦሜፕራዞል የሚያግደው የጨጓራውን ሃይድሮጂን-ፖታሲየም ፓምፕ ነው። እዚያም ሂስታሚን አለበት፤ የጨጓራ ሂስታሚን በኤች2 ተቀባይ በኩል ያንን ፓምፕ ያስነሳዋል። ግን ያ ፓምፕ ማስት ሴል ላይ ሂስታሚን ሲለቀቅ ቦታ የለውም። ስለዚህ ለሽፍታህ አይጠቅምም፣ በዚህ መንገድ አያባብስምም።

ማስት ሴል ውስጥ ግን ሌላ የፕሮቶን ፓምፕ አለ፣ ቪ-ኤቲፔዝ የሚባል። ቤዛ፣ ይህን ኖትሽ ላይ አታገኝውም። ሂስታሚን የሚቀመጥባቸው ከረጢቶች ውስጣቸው ጎምዛዛ ነው፣ ፒኤች 5.5 አካባቢ። ጎምዛዛ ያደረጋቸው ይህ ፓምፕ ነው፣ ኤቲፒ እያቃጠለ ፕሮቶን እየጨመረ። ከዚያ ቪማት2 የተባለው አጓጓዥ ሁለት ፕሮቶን አውጥቶ በምትኩ አንድ ሂስታሚን ያስገባል። ማለትም ከረጢቱ ሂስታሚን የሚሞላው በፓምፑ ጉልበት ነው። ፓምፑን ባፊሎማይሲን በሚባል ነገር ብታግጂው ከረጢቱ የሚይዘው ይቀንሳል፤ በሩ ቢከፈት የሚወጣው ጥቂት ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ሂስታሚኑ ልቅ አይደለም። አዎንታዊ ስለሆነ አሉታዊ ከሆነው ሄፓሪን ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ከረጢቱ ወደ ውጪ ሲከፈት ሁለት ነገር ይሆናል፦ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ የውጪው ሶዲየም ይገባና ሂስታሚኑን ከሄፓሪኑ ላይ ገፍቶ ቦታውን ይወስዳል። ሂስታሚኑ የሚለቀቀው በዚህ የአዮን ልውውጥ ነው። እዚህ ላይ ያለው ሶዲየም በሊትር 140 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት።

ናሆም22 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡34

የውጪውን 140 የሚጠብቀው ኩላሊት ነው እንጂ ማስት ሴሉ አይደለም። ቤዛ፣ ፈተና ላይ «ፓምፑ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊው።

ጋሽ_ላብ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ማን ነው ያለው? የሕዋሱን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ላይ የሚጠብቀው ነው ፓምፑ።

ሲስተር_ማ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ከክርክራችሁ መካከል ድንገተኛ ክፍል ያለ ሰው የሚያውቀው ፓምፕ ልጨምር። አስም ተነስቶበት ሳልቡታሞል በኔቡላይዘር ደጋግመን የሰጠነው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደሙ ሲታይ ፖታሲየሙ ወርዶ ይገኛል። ሳልቡታሞል ቤታ2 ተቀባይን ሲያነሳ የጡንቻ ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ ይፈጥናል፣ ፖታሲየሙን ከደም ወደ ጡንቻ ያስገባዋል። ኩላሊቱ ደክሞ ፖታሲየም የበዛበት በሽተኛ ላይ ኔቡላይዘር የሚደረገው ለዚሁ ነው፤ ተማሪ ሆኜ ግራ ይገባኝ ነበር።

አናፊላክሲስ ላይ፣ ማለትም ሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ ላይ፣ አድሬናሊን የሚቀድመውም በከፊል በዚሁ ቤታ2 ተቀባይ ምክንያት ነው። አልፋ1 በሚባለው ተቀባይ ላይ የተዘረጋውን የደም ሥር ያጠብባል፣ ቤታ2 ላይ ደግሞ አየር ቧንቧውን ይከፍታል፣ ማስት ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን የውስጥ መልእክተኛ ከፍ ስለሚያደርግ ተጨማሪ መልቀቁን ያዳክማል። ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን ጡንቻ። የሠራሁበት አንድ ቦታ ሃይድሮኮርቲዞን ካልተወጋ አድሬናሊን አይነካም ነበር፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሃይድሮኮርቲዞን ለመሥራት ሰዓታት የሚፈጅ መድኃኒት ነው።

እና ቤታ ተቀባይን የሚይዙትን መድኃኒቶች፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል፣ የሚወስድ አለርጂ ያለበት ሰው ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። አድሬናሊኑ የሚያርፍበት ተቀባይ ተይዞ ይጠብቀዋል፣ እንደሚገባው አይሠራም።

አቤል_ዘቃሊቲ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ይቅርታ፣ ክሩን ከመጀመሪያው አንብቤ ነው። አባቴ ዲጎክሲን ይወስዳል። ጋሽ ላብ ዲጎክሲን ፓምፑን እንደሚያግድና ካልሲየም እንደሚጨምር ጽፈዋል። አባቴ ሁለት ጊዜ ከንፈሩ አብጦ ነበር፤ ሴትሪዚን ብንሰጠው አልሠራም። ዲጎክሲኑ ነው ማስት ሴሉን ያስቆጣው? ላስቁመው?

ጋሽ_ላብ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡25

አቤል፣ በፍጹም በራስህ እንዳታስቆም። በሕክምና መጠን የሚሰጥ ዲጎክሲን ሂስታሚን የማስለቀቅ ስም የለውም። ያወራነው ሳህን ላይ ስላለ ማስት ሴል ነው፤ አንድን የላብራቶሪ ውጤት በቀጥታ ወደ አባትህ ከንፈር መውሰድ አይቻልም። ሌላውን ለሲስተር ትቼዋለሁ፣ ክሊኒኩ የእሷ ነው።

ሲስተር_ማ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡05

አቤል፣ ሦስት ነገር ንገረኝ። ከንፈሩ ሲያብጥ አብሮ ሽፍታ ወይም ማሳከክ ነበረው? የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል? አሁን እብጠት አለው?

አቤል_ዘቃሊቲ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

ሽፍታም ማሳከክም አልነበረውም፣ ዝም ብሎ እብጠት ነው። ሁለተኛው ጊዜ ምላሱም ትንሽ አብጦ ነበር። ኤናላፕሪል ይወስዳል፣ ከዓመት በላይ ሆነው። አሁን ደህና ነው፣ ሰኞ ነው የጠፋው።

ሲስተር_ማ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡42

እኔ የምጠረጥረው ኤናላፕሪሉን ነው። ያ መድኃኒት ብራዲካይኒን እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ የሚያሳብጠው ብራዲካይኒን ነው፣ ሂስታሚን የለበትም። ሽፍታና ማሳከክ የሌለው፣ ሴትሪዚንም ያልነካው ለዚያ ይመስለኛል። ዓመት ሙሉ ተስማምቶት ኖሮም ሊመጣ ይችላል፤ ሰዎች «ከድሮ ጀምሮ ይወስደዋል» ብለው የሚያልፉት በዚህ ነው።

ዛሬውኑ ውሰደውና ያዘዘለት ሐኪም ሳያየው የሚቀጥለውን ኤናላፕሪል እንዳይወስድ ጠይቅለት። የሚተኩት ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች ሞልተዋል። የዲጎክሲኑንም የኤናላፕሪሉንም ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ምላሱ እንደገና ማበጥ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ።

አቤል_ዘቃሊቲ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡50

እሺ ሲስተር። አሁን ደውዬለት ልብስ እየለበሰ ነው፣ ከሥራ ወጥቼ ልወስደው ነው።